ዊዳል 1:160 አለ፤ ታማሚው ግን ምን አለ?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ የውስጥ ደዌ ልምምዴን ከጀመርኩ ገና አንድ ወር ሆነኝ። ትናንት ማታ የ24 ዓመት ወጣት ተኛልን። ለሥራ ከገጠር አዲስ አበባ ከገባ ሦስት ወር ሆኖታል፤ በቀን ሥራ ይተዳደራል፤ ማታ ከስምንት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። አምስት ቀን ሙሉ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ነበረው። የዐይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ብሏል፤ አንድ ጊዜም ነስሮታል። ከአንድ የግል ክሊኒክ ይዞት የመጣው ወረቀት «ዊዳል ኦ 1:160፣ ኤች 1:80፤ ዌይል-ፊሊክስ ኦኤክስ19 1:160፤ ወባ ኔጌቲቭ» ይላል፤ ዊዳል የታይፎይድ፣ ዌይል-ፊሊክስ የታይፈስ የደም ምርመራ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ሁለት ቀን ወስዷል። አንዱ ሐኪም «ታይፎይድና ታይፈስ ነው፤ ለሁለቱም ይታከም» አሉ፤ ሌላው «ወረቀቱን ጣይው» አሉኝ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው የሚመጡ በዝተውብናል። ለመሆኑ ያ ቁጥር ምን ይናገራል? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ማይክሮባዮሎጂን በሠንጠረዥ ሸምድጄ ነበር ያለፍኩት፤ አልጋው አጠገብ ስቆም ግን ሁሉም ጠፋብኝ።»

ምላሽ

ውድ እህቴ፣ ሁለቱም ሐኪሞች የነገሩሽ ውሳኔያቸውን ነው፤ ምክንያቱን አልነገሩሽም። ምክንያቱን ያላወቅሽው ውሳኔ ደግሞ ለሚቀጥለው ታማሚ አይተርፍሽም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፍልሻለሁ። አስቀድሜ ግን የሚያስቸኩለውን ልንገርሽ። ከጻፍሽልኝ ሁሉ፣ ከዊዳሉም ከዌይል-ፊሊክሱም በላይ የሚመዝነው «በአንድ ክፍል ያድራል» ያልሽው ነው። ክረምት፣ ጥብብ ያለ ማደሪያ፣ ተደራርቦ የሚለበስ ልብስ፣ ድንገት የጀመረ ትኩሳት፣ የቢጫ ዐይን፣ ነስር። እነዚህ ሲደመሩ በአገራችን መጀመሪያ የሚያስጠረጥሩት በልብስ ቅማል የሚተላለፈውን፣ እየተመላለሰ የሚያተኩሰውን ትኩሳት ግርሻን ነው። የሚያረጋግጠው ደግሞ አንድ የደም ስላይድ ነው። ዛሬውኑ፣ ትኩሳቱ ከፍ ባለበት ሰዓት ይወሰድለት። ይህን ለተረኛው ሐኪም ከነገርሽ በኋላ ተመልሰሽ የቀረውን አንብቢ።

ለመደናገሩ የስሙም እጅ አለበት። እኛ ዘንድ «ተስቦ» የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይውላል፤ ታይፈሱን ተስቦ፣ ታይፎይዱን የአንጀት ተስቦ እንላለን። ፈረንጆቹም ከዚህ አላመለጡም፤ «ታይፎይድ» የሚለው ስም ራሱ «ታይፈስ መሰል» ማለት ነው። ለብዙ ዘመን እንደ አንድ በሽታ ሲታዩ ኖረው፣ በ1837 እ.ኤ.አ. ዊልያም ጌርሃርድ የተባለ የፊላዴልፊያ ሐኪም የሟቾችን አስከሬን መርምሮ ልዩነታቸውን በግልጽ ጻፈ። በታይፎይድ የሞቱት የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ቁስል ነበራቸው፤ በታይፈስ የሞቱት ግን አልነበራቸውም። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን። ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ በተበከለ ምግብና ውኃ ገብቶ በአንጀት ግድግዳ በኩል ያልፋል። ወረርሽኝ የሚያስነሣውን ታይፈስ የሚያመጣው ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ግን በልብስ ቅማል ዓይነ ምድር ውስጥ ይመጣና ሰውየው ሲያክ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል፤ የሚያጠቃውም የጥቃቅን ደም ሥሮችን ውስጣዊ ገጽ ነው። አንዱ የኩሽናና የመጸዳጃ ቤት በሽታ ነው፤ ሌላው የልብስ ስፌት በሽታ ነው። አንድን ሰው በአንድ ሳምንት ሁለቱም ሊይዙት አይችሉም አልልሽም፤ ግን ብርቅ ነው። በክሊኒክ ወረቀት ላይ ግን በየቀኑ አብረው ይወጣሉ። ይህ ብቻውን ወረቀቱን እንድንጠራጠር ሊያደርገን ይገባል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ዊዳል ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል በ1896 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ምርመራ ነው፤ በዘመኑ ትልቅ እመርታ ነበር። አንድ ቀን ላቦራቶሪ ገብተሽ ሲሠራ ቆመሽ እይ። ባለሙያው በስላይዱ ክበቦች ላይ ከታማሚው ሴረም (ደሙ ሲረጋ ከሚለየው ፈሳሽ) 80፣ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮ ሊትር ያንጠባጥባል። በእያንዳንዱ ላይ ቀለም ከተቀባ የሞተ ሳልሞኔላ አንድ ጠብታ ይጨምራል፤ በስንጥር ያዋሕዳል፤ ስላይዱን በእጁ እያወዛወዘ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። ፈሳሹ ለስልሶ ከቀረ ኔጌቲቭ ነው፤ እንደ አይብ ከተፈረፈረ ፖዘቲቭ ነው። 10 ማይክሮ ሊትር ያለበት ክበብ ከተፈረፈረ «1:160» ተብሎ ይጻፋል፤ ሴረሙ 160 ጊዜ ቢቀጥንም ይፈረፍራል ለማለት ነው። ስለዚህ አንቺ እንደ ትክክለኛ ልኬት የምታነቢው ቁጥር ከጠብታ መጠን የተገመተ ነው፤ በቱቦ ተሟሙቶ፣ ሰዓታት ቆይቶ እስኪረጋገጥ ድረስ ግምት ሆኖ ይቆያል። ደቂቃው ካለፈና ጠብታው ከዳር መድረቅ ከጀመረ ደግሞ ምንም ፀረ እንግዳ አካል በሌለበት የተፈረፈረ ይመስላል። ሠላሳ ሰው በተሰለፈበት ክፍል አንድ ደቂቃ ስንት እንደምትሆን መገመት አያስቸግርሽም።

ከአሠራሩ ይልቅ የሚከፋው ግን የትርጉሙ ነገር ነው። ዊዳል ተሕዋሱን አይፈልግም፤ ሰውነት ተሕዋሱን ሲዋጋ የተወውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚፈልገው። «ኦ» የባክቴሪያው የውጭ ግድግዳ አንቲጂን (ፀረ እንግዳ አካሉ የሚያውቀው ምልክት) ነው፤ «ኤች» የመዋኛ ጅራፉ ነው። ሁለቱንም ሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶች ይጋሯቸዋል። ወባና ሌሎች ኢንፌክሽኖችም ያልታሰበ መፈርፈር ያስነሣሉ። ከዓመታት በፊት ታይፎይድ ይዞት የዳነ ሰው ዛሬ በጉንፋን ቢተኩስ እንኳ ወረቀቱ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ደግሞም ፀረ እንግዳ አካሉ በደንብ የሚነሣው ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ነው። የአንቺ ታማሚ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው! በሽታው በዚህ ቀኑ ገና ሊያደርሰው የማይችል ቁጥር ወረቀቱ ላይ ከተገኘ፣ ከዚህ ትኩሳት በፊት የነበረ ነገር ነው ብሎ መጠርጠር ይሻላል። ዊዳል ትርጉም የሚኖረው ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ቁጥሩ በአራት እጥፍ ሲጨምር ነው። ያን ያህል የሚጠብቅ ታማሚም ሐኪምም በልምዴ አላየሁም።

ከታማሚዎች አፍ ደጋግሜ የምሰማው «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ ምርመራ የተወለደ ነው። ታይፎይድ እንደ ጨጓራ በየወሩ የሚነሣና የሚተኛ በሽታ አይደለም። ባክቴሪያውን በሐሞት ከረጢታቸው ተሸክመው የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ሌላውን ይበክላሉ እንጂ ራሳቸው በየጊዜው አይተኩሱም። ተነሣ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ቀድሞውኑ ያልወረደ ቁጥር ነው፤ የዛሬው ትኩሳት ምክንያት ደግሞ ሳይፈለግ ይቀራል።

ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንውሰድ፤ ስሌቱን ለማሳየት እኔ ያስቀመጥኩት እንጂ ከጥናት የተቀዳ አይደለም። ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ 1000 ሰዎች ውስጥ በእርግጥ ታይፎይድ ያለባቸው 30 ይሁኑ። ምርመራው በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች 70ውን ያገኛል፤ ከሌለባቸው 100 ደግሞ 80ውን በትክክል ኔጌቲቭ ይላል እንበል። ከ30ዎቹ 21 ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ከቀሩት 970 ግን 194 በሐሰት ፖዘቲቭ ይሆናሉ። በእጅሽ 215 ፖዘቲቭ ወረቀቶች አሉ፤ እውነተኞቹ 21 ብቻ ናቸው። ከአሥሩ ዘጠኙ የሌለባቸውን በሽታ መድኃኒት ሊውጡ ነው። አሁን ደግሞ በወረርሽኝ መካከል ነሽ እንበል፤ ከ1000ው 300 ታይፎይድ አለባቸው። 210 እውነተኛ፣ 140 ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይወጣል። ያው ስላይድ፣ ያው ጠብታ፣ ያው ባለሙያ ነው። የተለወጠው ምርመራውን ከማዘዝሽ በፊት የነበረሽ ጥርጣሬ ብቻ ነው፤ እሱን ጥርጣሬ የምታገኚው ደግሞ ከታማሚው አፍና ገላ ነው። የሚተኩስን ሁሉ «ዊዳልና ዌይል-ፊሊክስ ይሠራ» ማለት ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው፤ ከልቤ የምቃወመውም እሱን ነው።

ዌይል-ፊሊክስን በተመለከተ አንድ ታሪክ ከብዙ ገለጻ ይሻላል። ኤድመንድ ዌይል እና አርተር ፊሊክስ በ1916 እ.ኤ.አ. ያገኙት ነገር እንግዳ ነበር፦ የታይፈስ ታማሚ ሴረም ፕሮቴየስ የሚባልን፣ ከታይፈስ ጋር ዝምድና የሌለውን ባክቴሪያ ይፈረፍራል። የፕሮቴየሱ የውጭ አንቲጂን ከሪኬትሲያ አንቲጂን ጋር በአጋጣሚ ይመሳሰላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመን በተያዘችው ፖላንድ፣ ሮዝቫዱፍ በምትባል ከተማ፣ ኤውጌኒዩሽ ላዞቭስኪ እና ስታኒስዋፍ ማቱሌቪች የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ይህን መመሳሰል ለነፍስ ማዳን ተጠቀሙበት። የሞተ ፕሮቴየስ ኦኤክስ19 ለሰዎች በመርፌ ሰጡ፤ ደማቸው ወደ ጀርመኖች ላቦራቶሪ ሲላክ ዌይል-ፊሊክስ ፖዘቲቭ ሆነ፤ ጀርመኖቹም አካባቢው በታይፈስ ተወርሯል ብለው ከዚያ ራቁ። ከእነዚያ የተወጉ ሰዎች አንዱም በዚያ መርፌ ታይፈስ አልያዘውም። ለእኔና ለአንቺ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ምርመራው የሚያገኘው የፕሮቴየስን ዱካ ነው፤ ፕሮቴየስ ደግሞ በአንጀታችን የሚኖርና የሽንት ቧንቧን አዘውትሮ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ነው። ታይፈስን በትክክል የሚያሳየው ለራሱ ለሪኬትሲያ የተሠራ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ወይም የዘረ መል ምርመራ ነው። እነዚህ በሌሉበት የሚመራሽ የታማሚው ሁኔታ ነው፤ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ሳል፣ መቃዠት፣ ከደረትና ከሆድ የሚጀምር ሽፍታ። ሽፍታው በጥቁር ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይምና በቀን ብርሃን፣ ልብሱን አስወልቀሽ ፈልጊ።

«ወባ ኔጌቲቭ» የሚለውን ሳነብ ደግሞ በምን ተሠርቶ ብዬ እጠይቃለሁ። በፈጣን ምርመራ ከሆነ የሚያየው ወባን ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር በደሙ ውስጥ ቢዋኝ አያውቅለትም። በአገራችን አንዳንድ የፋልሲፓረም ወባ ዝርያዎች ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ መል እንዳጡ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ለወባም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። በስላይድ ከሆነ ደግሞ ትኩሳቱ በወጣበት ሰዓት ነው የተወሰደው ወይስ በወረደበት? ወፍራሙስ ጠብታ ታይቷል? ሦስቱንም ጠይቂ።

ስላይዱን ራስሽ እይው። ለባለሙያው ብቻ አትተዪው፤ የተማርሽው ለዚህ ነው። መቶ እጥፍ የሚያጎላውን የዘይት ሌንስ አውርጂና በቀይ የደም ሴሎች መካከል ቀስ ብለሽ ሂጂ። የምትፈልጊው ሐምራዊ፣ ቀጭን፣ ከተተረተረ ሹራብ እንደ ወጣ ክር የተወዛወዘ ነገር ነው፤ ከአንድ ቀይ ሴል ሁለት ሦስት እጥፍ ይረዝማል። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሆነው ተጠላልፈው ታገኚያቸዋለሽ። ቀለም ያልተቀባ ትኩስ ጠብታ ብታዪ ደግሞ ቀይ ሴሎቹ ማን እንደገፋቸው ሳይታወቅ ይናጣሉ፤ ትኩር ስትዪ ክሩ በመካከላቸው ሲሾልክ ይታይሻል። ይህ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ነው። ኦቶ ኦበርማየር በ1868 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ በታማሚዎች ደም ያየው ይህንኑ ነበር። ከዚህ ስላይድ በኋላ ዊዳሉ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀንድ በሊቢያ በኩል አውሮፓ የገቡ ወጣት ስደተኞች ላይ ይህ በሽታ በኔዘርላንድስ፣ በስዊዘርላንድ፣ በጀርመንና በጣልያን ሲገኝ የለየው ይኸው የደም ስላይድ ነበር፤ በሽታውን አይተው የማያውቁ ሐኪሞች ለወባ ብለው ባዘዙት ስላይድ ላይ ክሩን አገኙት።

ቀኑን እንድትቆጥሪ የምለምንሽ በምክንያት ነው። ቦሬሊያ በላዩ ላይ ያለውን ፕሮቲን እየለወጠ ይኖራል፤ ሰውነት አንዱን መልክ አውቆ ሲያጠፋው ሌላ መልክ የለበሰው ተርፎ ይራባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትኩሳት አምስት ስድስት ቀን ያህል ቆይቶ ያለ ምንም መድኃኒት ሊወርድ ይችላል፤ ሳምንት ያህል ፋታ ይሰጥና ይመለሳል። ግርሻ የተባለውም ለዚህ ነው። አሁን የአንቺን ታማሚ አስቢ። አምስተኛ ቀኑ ነው። ነገ ትኩሳቱ በራሱ ቢወርድ «ሲፕሮፍሎክሳሲኑ ሠራለት» ተብሎ ይሸኛል። በሳምንቱ ሲተኩስ «ታይፎይዱ ተነሣበት» ይባላል። የተሳሳተው ምርመራ በተሳሳተው ፈውስ ይረጋገጣል ማለት ነው። ስንት ሐኪም በዚህ መንገድ በዊዳል እምነቱን አጽንቶ ይሆን እያልኩ አዝናለሁ።

ስላይዱ ባዶ ቢሆንስ? ያኔ ታይፎይድም፣ ታይፈስም፣ ሌላም ነገር በሐሳብሽ ይቆይ፤ የታይፎይድን እውነት የሚነግርሽ ደግሞ የደም ካልቸር፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በጠርሙስ አሳድጎ መለየት ነው። ካልቸሩን «ብዙ ጊዜ ኔጌቲቭ ነው የሚመጣው» ብለው የሚንቁት አሉ። እውነት ነው፤ ከእውነተኛ ታይፎይድ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚያገኘው። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊታረም የሚችል ነው። በታይፎይድ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሁለት ሚሊ ሊትር ብቻ ቀድተሽ ከላክሽ ባዶ ልትልኪ ትችያለሽ። ከአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ ይቀዳ። ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ፤ ከጠረግሽ በኋላ ደም ሥሩን በጣትሽ መልሰሽ አትንኪ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጎማም ጥረጊ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱ በፊት ይቀዳ። የአንቺ ታማሚ ሁለት ቀን ሲፕሮፍሎክሳሲን ስለ ወሰደ ካልቸሩ ሊከሽፍ ይችላል፤ ቢሆንም ከሚቀጥለው መድኃኒት በፊት ቅጂለት።

ካደገ ወደ ላቦራቶሪው ውረጂ። ማኮንኪ በሚባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ላይ፣ ላክቶስ የተባለውን ስኳር ስለማያፈላ ገርጥቶ የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት ታገኛለሽ። ባክቴሪያን ለመለየት በሚያገለግለው ባለ ሦስት ስኳር ቱቦ ላይ ደግሞ ዘቅዛቃው ቀይ፣ ታችኛው ቢጫ ሆኖ፣ ጋዝ ሳይኖር፣ መገናኛቸው ላይ እንደ ቀጭን ጺም ያለች ጥቁር መስመር ትታያለች። ሌሎቹ ሳልሞኔላዎች ቱቦውን ብዙ ጊዜ በሙሉ ያጠቁሩታል፤ ታይፊ ግን ያችን ጺም ብቻ ነው የሚያወጣው። እሷን አንድ ጊዜ በዐይንሽ ካየሻት ሠንጠረዡን መሸምደድ አያስፈልግሽም።

ስለ ሽምደዳው ካነሣሽ አይቀር፣ ለእኔ የጠቀመኝን ላካፍልሽ። እያንዳንዱን ተሕዋስ የት እንደሚኖር አስቀድመሽ ጠይቂ፤ በምን እንደሚታይና የትኛው መድኃኒት እንደሚደርስበት ከዚያው ይፈልቃል። ቦሬሊያ በደም ውስጥ በግልጽ ይዋኛል፤ ስለዚህ በስላይድ ይታያል፣ ፔኒሲሊንም ይደርስበታል። ሪኬትሲያ በሴል ውስጥ ካልሆነ መኖር አይችልም፤ ስለዚህ በተራ ካልቸር አይበቅልም፣ ፔኒሲሊንም አይነካውም፤ ወደ ሴል የሚዘልቀው ዶክሲሳይክሊን ግን በአንድ ጊዜ 200 ሚሊ ግራም ብቻ እንኳ ወረርሽኝን ለማስቆም አገልግሏል። ሳልሞኔላ ታይፊ ደግሞ ሊያጠፋው በተላከው ነጭ የደም ሴል ሆድ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ጄንታማይሲን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ዙሪያውን አጽድቶ ቢታይም ታማሚውን የማያድነው ለዚህ ነው፤ ሴሉ ውስጥ በሚገባ አይደርስም። ጥንቁቅ ላቦራቶሪ ለሳልሞኔላ የጄንታማይሲንን ውጤት አይጽፍልሽም። ይህ ረቂቅ ነገር በፈተና ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ በዎርድ ውስጥ ግን የሰው ሕይወት ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ስላይዱ ቦሬሊያ ካሳየ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በብሔራዊ መመሪያው መጠን አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ወይም የቴትራሳይክሊን ወገን። ፔኒሲሊን ቀስ ብሎ ያጠፋል፣ በሽታው ዳግም የመመለስ ዕድሉ ግን ከፍ ይላል፤ ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን በፍጥነት ይጠርጋሉ፣ ታይፈስንም አብረው ይይዛሉ። አስቸጋሪው ከመድኃኒቱ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ቦሬሊያዎቹ በአንድ ጊዜ ሲያልቁ ሰውነት በኃይል ይነሣል፤ ያሪሽ-ኸርክስሃይመር የሚባለው ምላሽ ነው። በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ታማሚው አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ይንዘፈዘፋል፤ ትኩሳቱ ይወጣል፤ ቀጥሎ ላብ ያጠምቀዋል፤ የደም ግፊቱም ይወርዳል። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተካሄደ ጥናት የዚህን ምላሽ ዋና አንቀሳቃሽ አሳይቷል፤ ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለውን የሰውነት መልእክተኛ የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ የተሰጣቸው ታማሚዎች ምላሹ ቀለል ብሎላቸዋል። ያ መድኃኒት በእጃችን የለም። በእጃችን ያለው ጥበቃ ነው።

ይህን የምልሽ ራሴ ስለ ተማርኩበት ነው። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ አንድ ምሽት ለእንዲህ ያለ ወጣት ፔኒሲሊኑን አዝዤ፣ መወጋቱን አረጋግጬ ወደ ሌላ ዎርድ ሄድኩ። ከመድኃኒቱ በፊት የደም ሥር መስመር አልከፈትኩለትም፤ ከአልጋ እንዳይነሣም አልነገርኩትም። ሲንዘፈዘፍ ቆይቶ ላቡ ሲመጣ የተሻለው መስሎት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ በኮሪደሩ ላይ ወደቀ። ስደርስ የደም ግፊቱ አይሰማም ነበር። እጁ ላይ ደም ሥር ፍለጋ የፈጀነው ጊዜ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። በፈሳሽ ተረፈ፤ ግን ያ ውድቀት መከሰት አልነበረበትም። አንቺ መስመሩን አስቀድመሽ ክፈቺ፤ ፈሳሹን አዘጋጂ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የደም ግፊቱን በየሠላሳ ደቂቃው ለኪ፤ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ከአልጋው ብቻውን እንዳይነሣ ለእርሱም ለአስታማሚውም በግልጽ ንገሪ። ምላሹን ስቴሮይድ ይከላከለዋል ብለሽ አትተማመኚ።

ካልቸሩ ታይፎይድ ካለ ደግሞ በተጋላጭነት ውጤቱ ተመሪ። ሲፕሮፍሎክሳሲን በብዙ አገር ኃይሉን እያጣ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በፓኪስታን ሲንድ ግዛት የተሠራጨው ዝርያ ሴፍትሪያክሶንን እንኳ ተቋቁሞ፣ ሐኪሞቹን ለአዚትሮማይሲንና ለካርባፔኔም ብቻ አስቀርቷቸዋል። ትክክለኛው መድኃኒት በተሰጠበትም ቢሆን የታይፎይድ ትኩሳት ለመውረድ ቀናት ይፈጃል፤ በሦስተኛው ቀን አልወረደም ብለሽ መድኃኒት አትለውጪ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ድንገት የሆድ ሕመም ከመጣ ግን አንጀቱ ተበሥቶ ሊሆን ይችላልና ቀዶ ሐኪም ጥሪ። ደግሞም ሲፕሮፍሎክሳሲንን ለሚተኩስ ሁሉ ማደል ሌላ ጉዳት አለው፤ የሳንባ ነቀርሳን ለጊዜው ያዳክምና ምርመራውን ያዘገያል። በዊዳል ወረቀት ሦስት ጊዜ «የታይፎይድ» ሕክምና ወስደው በመጨረሻ ነቀርሳ የተገኘባቸውን ሰዎች አክሜያለሁ።

«ወረቀቱን ጣይው» ያሉሽ ሐኪም በመጨረሻው አልተሳሳቱም፤ እኔ ግን ወረቀቱን ከመጣልሽ በፊት ከታማሚው ጋር አስተያዪው እላለሁ። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሁመራ ወይም መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ ከሆነ ካላዛርን፣ ቆላ ከርሞ ከሆነ ወባን፣ ሰሞኑን ድሬዳዋ ከነበረ ዴንጊን ማሰብ ይኖርብሻል። የኤችአይቪ ምርመራም ይደረግለት። አንገቱ አለመገተሩን፣ ጣፊያው ማበጡን፣ ቆዳው ላይ የደም ነጠብጣብ መኖሩን ራስሽ እይ።

ቅማሉንም ፈልጊ። ራሱ ላይ አይደለም፤ የልብስ ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። የሸሚዙን አንገትጌ፣ የሱሪውን ወገብ፣ የውስጥ ልብሱን ስፌት ገልብጠሽ በብርሃን እይ፤ ተሰልፎ የተጣበቀ ቅጫም ታገኛለሽ። በጣም የሚተኩስን ሰው ቅማሉ ራሱ ይሸሸዋልና ባታገኚም «የለም» አትበዪ፤ ሸሽቶ አጠገቡ ወደሚተኛው ሄዷል። ስትጠይቂው እንዳያፍር አድርገሽ ጠይቂው። ቦሬሊያ በንክሻ አይተላለፍም፤ ቅማሉ ሲፈነዳ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ሲገባ ነው። ስለዚህ ቅማል በጥፍር መሐል ማፍረጥ ራሱ አደጋ መሆኑን ንገሪው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ትኩሳት ግርሻም ታይፈስም በየሳምንቱ ሪፖርት የሚደረጉ በሽታዎች ናቸው፤ የሆስፒታሉን የበሽታ ቅኝት ክፍል ዛሬ አሳውቂ። ከእርሱ ጋር የሚያድሩት ስምንቱ ሰዎች ማን ማን እንደሆኑ ስማቸውን ጽፈሽ ያዢ፤ ከመካከላቸው ትኩሳት የጀመረው ካለ ስላይድ ይሠራለት። የታማሚውን ልብስ ተቀብላችሁ በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ የሚቀይረው ከሌለው የዎርዱን ፒጃማ ስጡት። ጋቢውንም አትርሺ፤ ሸሚዝና ሱሪው ታጥቦ ጋቢው እንዳለ ወደዚያው ክፍል ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።